ከሞጣ በተውሶ የመጡልን ዐቃቤ ሕጎች

በመጀመሪያ ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ። ፊደሎቼ አንዱ ተኝቶ አንዱ ቆሞ ነው የሚሄዱት። ብሳሳትም አትፍረዱብኝ፤ ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት በመከራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ለእማዬ ከገበያ የሚገዛውን ብቻ ነው። በአፍ ማውራት ደግሞ ጭራሽ አልችልም። ሰው ሲያየኝ ምላሴ ይታሰራል። ወረቀት ቢያንስ ዓይን ዓይኔን አያየኝም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናንተ ሰፈር ሰው ምን ምን ይዋሳል? እኛ ቢቸና ወንፊት እንዋሳለን። መጥረቢያ እንዋሳለን፣ መሰላል እንዋሳለን። አንዲት ጎረቤታችን ለቅሶ ልትደርስ የእማዬን ጥቁር ቀሚስ ወስዳ፣ ሦስት ለቅሶ ደርሳበት ነው የመለሰችው። ይኼ ሁሉ ያለ ነው። ዐቃቤ ሕግ ሲዋሱ ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ተውሰናል። አንድ አይደለም፣ አራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማችን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ የሚይዝ አንድ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ነበረ። ፍትሐ ብሔር ማለት ሌባና ነፍሰ ገዳይ የሌለበት፣ የመሬት፣ የቤት፣ የውርስ ክርክር ማለት ነው። መንግሥት ሲከሰስ እሱ ይቆማል፤ ጠበቃ ማቆም ለማይችል ችግረኛም በነጻ የሚቆመው እሱ ነው። ይኼ ሰውዬ ለረጅም ሥልጠና ሄደና ወንበሩ ባዶ ቀረ። በቦታው ሰው እስኪቀጠር ተብሎ ከሞጣ በጊዜያዊ ምደባ ይላክልን ጀመር። አንዱ ይመጣል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ሞጣ ያለው የራሱ ሥራ ሲከመርበት ይመለሳል፤ ወንበሩ ወራት ባዶ ከርሞ ሌላ ይተካል። የምደባው ደብዳቤ «ለጊዜው» ይላል አሉ። ይኼ ለጊዜው የተባለው ነገር ሁለት ዓመት ሞላው።

እኛም ከችግረኞቹ መሐል ነን። አባዬ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሳንባ ነቀርሳ ነው የገደለው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአባቱ የወረሳት ሁለት ጥማድ የጤፍ መሬት ነበረችው። ከሞተ በኋላ ወንድሙ ጋሼ ሞላ ያርሳታል፣ ምርቱን እኩል እንካፈላለን፣ ዓመቱን በእሷ እንኖራለን። አምስት ዓመት እንዲህ ሆነን ስንኖር ክርክር የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ መሬት ለኪዎች መጡ። ማሳው በማን ስም ይመዝገብ ሲባል ጋሼ ሞላ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። አባዬ መሬቷን በስጦታ እንደሰጠው የሚል፣ ከሥሩ የአባዬ የአውራ ጣት አሻራ ያለበት ወረቀት።

እማዬ መጀመሪያ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። ከዚያ ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቀን ስታስበው፣ እሷ ያን ጊዜ ሞጣ እናቷን ስታስታምም ነበር። ሦስት ሳምንት ቆይታ እናቷን ቀብራ ስትመለስ አባዬ መናገር አቁሞ ደረሰች። በሳምንቱ ሞተ። እና ለኪዎቹ ፊት፣ «እኔ በሌለሁበት፣ ራሱን የማያውቅ ሰው ጣት ይዞ ወረቀት ላይ አስነካ» አለች። ጋሼ ሞላ ራሱን ያውቅ ነበር አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰላም ተባብለው አያውቁም። እኔ መንገድ ላይ ሳገኘው አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። እሱ «ደህና ነሽ ወይ ትርንጎ» ማለቱን አልተወም።

መሬቷ ከሄደች ምን እንደምንሆን እማዬ ቀን በቀን ትነግረኝ ነበር። እሷ ሰው ቤት ልብስ አጣቢ ትገባለች፣ እኔ ባሕር ዳር ሠራተኛ ሆኜ እቀጠራለሁ። ስለዚህ ያ ወረቀት እንዲፈርስ ከሰሰች። ዐቃቤ ሕግም በነጻ ቆመላት። የተውሶው ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው ፍራሹን ይዞ መጣ። ፍራሹ ከአውቶቡስ ሲወርድ ያየ ባለጉዳይ ሁሉ ይኼስ ሊከርም ነው ብሎ ደስ አለው። በአርባ አምስት ቀኑ ፍራሹ ተመልሶ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። ሁለተኛው ከእሱ ተምሮ ነው መሰለኝ፣ ይዞ የመጣው አንድ ቦርሳና የስልክ ቻርጀር ብቻ ነው። እሱ ደግሞ መንገድ ተዘግቶበት አራት ወር ቆየ፤ በአንድ ሸሚዝ። ሸሚዙን ቅዳሜ ስለሚያጥበው ቅዳሜ ከቤት አይወጣም። አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ በበሩ ቀዳዳ ነው የሚያናግረው።

የግቢው ጥበቃ ጋሽ አያሌው ቦቢ የሚባል ውሻ አላቸው። ቦቢ አዲስ ሰው አይወድም። አዲስ ዐቃቤ ሕግ በመጣ ቁጥር ከበሩ እስከ ቢሮው ድረስ እየጮኸ ይሸኘዋል። ቀን እየቆየ ሲሄድ ይለምደዋል፣ ጅራቱን ይቆላለታል። ያኔ የባለጉዳዩ ሁሉ ፊት ይጠቁራል። ውሻው ለመደው ማለት የመመለሻው ደብዳቤ ደረሰ ማለት ነዋ። እማዬ አንድ ቀን ጋሽ አያሌውን ለመነቻቸው።

«ጋሽ አያሌው፣ ቀጠሮዬ የዛሬ ወር ነው። እስከዚያ ይኼ ውሻ ሰውዬውን እንዳይለምድብኝ ያድርጉልኝ።»

«እኔን ለመልመድ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል፣ እትዬ ደብሬ» አሏት። «እነሱን ቶሎ የሚለምደው የሚሄድ ሰው ስለሚሸተው ነው።»

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። አዲስ ዐቃቤ ሕግ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ አንድ ነው፤ እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። የእማዬ መጀመሪያ ደግሞ ሠርጓ ነው። ከሠርጓ ተነስታ አባዬ እስኪታመም ድረስ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ መሬት መሬቱን አያለሁ። ለመጀመሪያው ስትነግረው፣ ባሌ ደክሞ ነበር፣ ነገር ግን ወደ ሞጣ ልሄድ ስል ገንፎ ጠይቆኝ ሠርቼለት በላ አለች። ሁለተኛው ዐቃቤ ሕግ፣ ባልዎ ሰው ይለይ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። አሰበችና አንዳንዴ አይለይም ነበር አለች። እሱ ይኼን ሲሰማ ደስ ብሎት ጻፈ።

እማዬ ውሸታም አይደለችም። እንዲህ እንድታስቧት አልፈልግም። አዲስ ሰው አዲስ ጥያቄ ሲጠይቃት፣ የጠየቃት ሰው እንዳይከፋው ትንሽ ትጨምርለታለች። ትንሽ ትንሽ እየተጨመረበት የኔ አባት ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። በቦታው ሌላ ሰው ተኛበት።

ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ ሰዓዳ ትባላለች። ቤተሰቦቿ ሞጣ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ። ወጣት ናት፤ እማዬ አንቱ ብትላት ሳቀችና ሰዓዳ በሉኝ አለች። እማዬ እንቁላል ይዛላት ሄዳ ነበር። ሰዓዳ እንቁላሉን አመስግና መለሰችና ወንበር ሳበችልን። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ አላለችም። ከእሷ በፊት የነበሩት የጻፉትን ሁሉ አንብባ ነበር የጠበቀችን። አባዬ ስለነበረበት ሁኔታ ብቻ ጠየቀቻት። እማዬም፣ ያኔማ አፉን መክፈት አይችልም ነበር አለች።

ሰዓዳ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

«እትዬ ደብሬ፣ እዚህ ላይ ገንፎ ጠይቆ በላ ይላል። እዚህ ላይ ሰው አንዳንዴ አይለይም ይላል። ዛሬ ደግሞ አፉን አይከፍትም ይሉኛል። ሦስት በሽተኛ ነው ያስታመሙት?»

እማዬ ተቆጣች። «አንቺ ለእኔ ነሽ ለሞላ?»

«ለእርስዎ ነኝ። ለዚህ ነው ዳኛው ሳይጠይቅዎ እኔ የምጠይቅዎ።»

ከዚያ እርስዎ ሞጣ ሳሉ ቤት ውስጥ ከእሱ ጋር ማን ነበር አለቻት። ማን ይጠጋዋል አለች እማዬ፤ በሽታውን ፈርቶ ሰው ሁሉ ከበር ነበር የሚመለሰው፤ ሞላና ይቺ ልጅ ብቻ ናቸው የነበሩት። ሰዓዳ ልጅቷስ ብላ ጠየቀች። እማዬ «እሷማ ሕፃን፣ ምን ታውቃለች» አለች። ሰዓዳ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ነበር፤ ሲያዩኝ ግን አንገቴ ላይ ይታወቀኛል። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ የሆነ ነገር ጻፈችና «ሰኞ ለብቻሽ ነይ፤ ሻይ እንጠጣለን» አለችኝ።

ቅዳሜና እሑድ እህል በአፌ አልዞረም። እማዬ ሆዴን ያመመኝ መስሏት ጤናዳም አፈላችልኝ። የምለውን ቃል ከቤት እስከ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት እስከ ቤት በልቤ ስለማመድ ሰነበትኩ። አንዴ እንዲህ እላታለሁ እላለሁ፤ አንዴ ደግሞ ዝም እላለሁ እላለሁ። ሰኞ ሄድኩ። ጋሽ አያሌው በሩ ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ። ሰዓዳ የለችም አሉኝ። ደብዳቤ መጥቶላት ቅዳሜ ወደ ሞጣ ተመልሳለች። ቦቢ ገና አልለመዳትም ነበር። የእሱ ትንቢት ሲከሽፍ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እና ምን ተሰማሽ ትሉኝ ይሆናል። እፎይ አልኩ። እየሮጥኩ ነው ቤቴ የገባሁት። እማዬ በምን ዳንሽ አለችኝ፤ በጤናዳሙ አልኳት።

አራተኛው የመጣው ለቀጠሯችን አራት ቀን ሲቀረው ነው። ልጅ እግር ነው፣ ቸኩሏል፣ ጠረጴዛው ላይ የተከመረው መዝገብ ፊቱን ይሸፍነዋል። የሚሄደው ለሚመጣው የሚተውለት «ቀሪ ሥራ» የሚባል ገጽ አላቸው። እሱን እያነበበ አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። «ልጅቷን ለብቻዋ ማነጋገር» ይላል። እማዬ ወረቀት ኮፒ ልታስደርግ ወጥታ ነበር።

«ልጅቷ አንቺ ነሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ሰዓዳ አነጋግራሻለች?»

«አዎ» አልኩ።

«ምን አልሻት?»

«ምንም አላውቅም አልኳት።»

ስክሪብቶውን አነሳና መስመሩን ሰረዘው። በቃ። ለማላውቀው ሰው ያን ያህል ረጅም ንግግር ተናግሬ አላውቅም። ያውም ሳልንተባተብ። ስልክ ደውሎ ቢጠይቃትስ ትሉ ይሆናል። ያን ሰሞን ኔትወርክ አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን ምስክር ስላልቀረበ ቀጠሮው ለሁለት ሳምንት ተላለፈ። በመሐሉ የአያቴ የሰባት ዓመት ተዝካር ነበርና እኔና እማዬ ሞጣ ሄድን። እኔ እንግዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያቺ የተሰረዘች መስመር ዓይኔ ላይ ነበረች። ድግሱ ቤት ሰው ሲበዛ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብዬ ወጣሁ። ሰዓዳ ያለችበትን ቢሮ ጠይቄ አገኘሁት። መጠየቁ ራሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ከሦስት ሰው አንዱን መርጬ ለመጠየቅ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞሬያለሁ። በሩ ላይ ቆሜ የምናገረውን ለመጨረሻ ጊዜ በልቤ አልኩት። ከዚያ ገባሁ።

አንዲት ጸሐፊ ቀና ብላ ማንን ነው አለችኝ። ሰዓዳን አልኩ።

«ጉንደ ወይን ናት» አለችኝ። «ለጊዜው ተመድባ።»

እሷንም አውሰዋታል። ምናልባት አሁን ጉንደ ወይን ላይ የአንዱን ሰው መዝገብ ዘርግታ ሦስት በሽተኛ ነው ወይ እያለች ይሆናል። መልእክት ካለሽ ልያዝልሽ አለችኝ ጸሐፊዋ፤ ጥሩ ሴት ናት። የለኝም አልኳት። የያዝኩትን ቃል ይዤ ተመልሼ ለተዝካርተኛው ጠላ ቀዳሁ።

ችሎቱ ደረሰ። የስጦታው ወረቀት ላይ የፈረሙት ምስክሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ሞቷል። ሌላው መሐላውን ፈጽሞ፣ እኔ የፈረምኩት ደጅ ሆኜ ነው አለ። በሽታው ይተላለፋል ሲባል ፈርቶ አልገባም። ሟቹም የዛሬው ምስክርም በረንዳው ላይ ቆመው ፈርመው ወረቀቱን ለሞላ ሰጥተውታል፤ ሞላ ይዞት ገብቷል፣ አሻራ አርፎበት ወጥቷል። ጣቱን ሲያሳርፍ አይተሃል ወይ ሲባል አላየሁም አለ። የእኛ ዐቃቤ ሕግ ይቺን ሲሰማ ስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አሻራው ሲያርፍ ያላየ ምስክር በሕግ ምስክር አይባልም፤ ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልገውም ነበር።

ዳኛው ወደ ጋሼ ሞላ ዞሩ።

«ወረቀቱን ይዘው ሲገቡ ቤቱ ውስጥ ማን ነበር?»

ጋሼ ሞላ ዘወር አለ። ዓይኑ አግዳሚ በአግዳሚ እያለፈ እኔ ጋ ደረሰ። ያን ጊዜ አንገቴን አልደፋሁም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ደህና ነሽ ወይ ሲለኝ እንደሚያየኝ ነው ያየኝ። ከዚያ ወደ ዳኛው ተመለሰ።

«እኔና ወንድሜ ብቻ ነን፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ሌላ ሰው አልነበረም?»

«አልነበረም።»

ወረቀቱ ፈረሰ። መሬቷ የእማዬና የእኔ ሆነች። እማዬ ከችሎት ስትወጣ ግቢው መሐል ተንበርክካ መሬቱን ሳመች፤ ቆማ ደግሞ የዐቃቤ ሕጉን ሁለት እጅ ሳመች። እሱ አፍሮ እጁን ሲሸሽግ ቦቢ መጥቶ ጅራቱን ቆላለት። በሳምንቱ ወደ ሞጣ ተመለሰ።

እማዬ እጅ ስትስም ጋሼ ሞላ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ትርንጎ፣ ትምህርቱ እንዴት ነው?» አለኝ።

ደህና ነው አልኩት። ስምንተኛን ጨርሼ ለዘጠነኛ ሳልመዘገብ የቀረሁ ጊዜ ነው።

አሁን እሱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ቢቸናን ለቆ ሄዷል። መኪና ላይ እህል ይጭናል አሉ። የራሱ ማሳ አልነበረውም ወይ ካላችሁ፣ ነበረው። አባዬ ታሞ ማርቆስ ሆስፒታል ሲያመላልሰው፣ ለሕክምናው ብር ብሎ ለብዙ ዓመት ኮንትራት ሰጥቶት ነው፤ ገና አልተመለሰለትም።

በከተማችን ነገሩ ሲነሳ ሁሉም የሚስማማበት አንድ ነገር አለ። የጋሼ ሞላ ሰዎች ያቺ ሰዓዳ የምትባል ልጅ ብትቆይ ኖሮ እውነቱ ይወጣ ነበር፤ ያጠፋን ምደባው ነው ይላሉ። የእኛ ወገኖች ሰው እየቀያየሩ ሁለት ዓመት ያንከራተቱን ምደባው ነው ይላሉ። ጋሽ አያሌው ራሳቸው ምደባው ነው ይላሉ፤ ውሻቸው እንኳ ጠባዩ የተበላሸው በምደባው ነው። እኔም ሲጠይቁኝ ምደባው ነው እላለሁ። ለጊዜያዊ ምደባ ጥፋት ሁሉ ይመቸዋል። ተነስቶ የሚከራከርለት ዐቃቤ ሕግ የለውም።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፈውና ልጨርስ። እጄም ደክሟል።

አባዬ ያን ቀን ራሱን ያውቅ ነበር። ረፋድ ላይ ነው። ጋሼ ሞላ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበለት። በሁለተኛው ላይ አባዬ አስቆመውና የማሳዋ አዋሳኝ ተሳስቷል፣ በምሥራቅ ወንዙ ነው አለው፤ ጋሼ ሞላ አስተካከለው። ከዚያ አባዬ ጣቱን ቀለሙ ላይ አደረገ። ክንዱ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ነይ ደግፊኝ አለኝ። ያሳረፈው እሱ ነው፤ ክንዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሲጨርስ ጋሼ ሞላ ወረቀቱን ለማድረቅ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ አባዬ ጣቱን በቀሚሴ ጫፍ ጠረገና ወደ ጆሮዬ ሳበኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፤ ከሞጣ ስትመለስ እኔ ራሴ እነግራታለሁ አለኝ። እሺ አልኩት።

እስካሁን አልነገራትም።